የሕፃናት እንክብካቤ ክሬዲት፦ የታክስ ሶፍትዌር ስሌት የሚሳተው የት ላይ ነው?

በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ሥራ ለመሥራት ሲሉ ለልጆቻቸው መዋያ ከሚያወጡት ገንዘብ የተወሰነውን ከፌዴራል ታክሳቸው ላይ እንዲቀንሱ ሕጉ ይፈቅዳል። የታክስ መሙያ ሶፍትዌሮች ይህን ክሬዲት በቅጽበት ያሰላሉ። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» በሚሉ ተከታታይ ትእዛዞች የሚመራ በመሆኑ፣ በአንዱ መጋጠሚያ ላይ የተሳሳተ መልስ ከገባ ቀጣዩ ስሌት ያለ እንከን ቢከናወንም ውጤቱ ስሕተት ይሆናል።

የመጀመሪያው መጋጠሚያ ዕድሜ ነው። ሌላው የታወቀ የልጆች ክሬዲት የሚመለከተው ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ያለውን ዕድሜ ነው። የእንክብካቤው ክሬዲት ግን እንክብካቤው በተሰጠበት ጊዜ ልጁ 13 ዓመት ያልሞላው መሆኑን ይጠይቃል። ስለዚህ በመስከረም 13 ዓመት የሞላው ልጅ፣ ከልደቱ በፊት የወጣለት ወጪ ይታሰባል። የታኅሣሥ 31ን ዕድሜ ብቻ የሚያይ ስሌት ይህን መብት ያስቀራል።

ሁለተኛው የባልና ሚስት ገቢ ነው። ክሬዲቱ አነስተኛ ገቢ ካለው የትዳር ጓደኛ ገቢ በላይ በሆነ ወጪ ላይ አይሰላም። ባል 60,000 ዶላር ቢያገኝና ሚስት ለ9 ወራት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ብትሆን፣ የተማሪነት ጥያቄው ሳይመለስ ከታለፈ ሶፍትዌሩ ገቢዋን ዜሮ ያደርገዋል፤ ክሬዲቱም ዜሮ ይሆናል። ሕጉ ግን አንድ ልጅ ላላት ተማሪ በወር 250 ዶላር እንዳገኘች ይቆጥርላታል። ይህም 2,250 ዶላር ሲሆን፣ በ2025 የግብር ዓመት የ20 በመቶ ተመን 450 ዶላር ያስገኛል።

ሦስተኛው በአሠሪ በኩል ከታክስ ነጻ የሚቀመጥ የእንክብካቤ ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በደመወዝ መግለጫው፣ በቅጽ ደብልዩ 2 ሣጥን 10፣ ላይ ይሰፍራል። ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ክሬዲቱ የሚሰላበት ወጪ ጣሪያው 6,000 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ በሣጥኑ የተጻፈው 5,000 ሲቀነስ 1,000 ብቻ ይቀራል፤ ክሬዲቱም 200 ዶላር ይሆናል። ሣጥኑ ካልተሞላ ሶፍትዌሩ 1,200 ዶላር ያሳያል። ትርፉ 1,000 ዶላር ውሎ አድሮ ከወለድ ጋር የሚጠየቅ ዕዳ ነው።

ሕጉ ራሱም ይለዋወጣል። በ2021 ለአንድ ዓመት ብቻ ጣሪያው ለሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች 16,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከፍተኛው ተመን ከ35 ወደ 50 በመቶ፣ በአሠሪ በኩል የሚቀመጠው ገንዘብ ጣሪያም ከ5,000 ወደ 7,500 ዶላር ከፍ ብሏል። ያልታደሰ ፕሮግራም ያለፈውን ዓመት ሕግ ይዞ ይቀራል።

በሕግ ፊት ተጠያቂው በማስታወቂያው ላይ የፈረመው ግብር ከፋይ ነው፤ «ሶፍትዌሩ ነው የተሳሳተው» ማለት ከዕዳው አያድንም። ስለሆነም ከመላኩ በፊት ክሬዲቱ የሚሰላበትን ቅጽ 2441 ከፍቶ የልጁን የልደት ቀን፣ የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ የሣጥን 10ን ቁጥርና የተንከባካቢውን መለያ ቁጥር ማመሳከር ይገባል። ስሕተቱ ከተላከ በኋላ ቢገኝም በጥቅሉ በሦስት ዓመት ውስጥ በማረሚያው ቅጽ 1040 ኤክስ አማካይነት የቀረውን ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል።