ሳላማንደር እንዴት ይፈለጋል?

በሳይንስ ክፍል ተማሪዎቻችን ስለ ሳላማንደር ደጋግመው ይጠይቁናል። እንሽላሊት ይመስላል እንጂ የቅርብ ዘመዱ እንቁራሪት ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ስለማይገኝ እዚህ ወንዝ ወርዳችሁ አትድከሙ! በአሜሪካ አፓላችያን ተራሮች ግን በየጅረቱ ዳር ድንጋይ ሥር ሞልቷል፤ በግሬት ስሞኪ ተራሮች ብቻ 30 ያህል ዓይነት አለ። አብዛኞቹ ሳንባ የላቸውም፣ የሚተነፍሱት በእርጥብ ቆዳቸው ነው። ስለዚህ በደረቅ እጅ አይነኩም። ፈላጊው ድንጋዩን ቀስ ብሎ ያነሳል፣ አይቶም እንደነበረ ይመልሰዋል፤ ካልመለሰው ከሥሩ ያለው እንቁላል ሊደርቅ ወይም ጎርፍ ሊወስደው ይችላል።

አገራችንም የጅረት ብርቅ አላት። እ.ኤ.አ. በ1991 ለሳይንስ የታወቀችው ትንሿ የባሌ እንቁራሪት ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም የለችም። እሷም የጅረቱ ዳር ዛፍ ሲቆረጥና ሣሩን ከብት ሲረግጠው መጠጊያ እያጣች ነው።