ጉዛራ፦ የክረምት ቤተ መንግሥት

«ግንብ» ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ጎንደርንና ዐፄ ፋሲልን እንጠራለን። ነገ ክፍል ገብተንም እንዲሁ ልናስተምር ነው! ነገር ግን ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ሲሆን፣ የጉዛራ ግንብ ከዚያ ቀደም ብሎ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት (1563–1597) የተሠራ ነው። የሚገኘውም እንፍራዝ አጠገብ፣ የፎገራን ሜዳና ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ነው።

ለምን እዚያ? በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ድንኳን ነበር። ሠራዊቱ በበጋ ይዘምታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ፣ መሬቱ ጭቃ ሆኖ መላወሻ የለም። ያ ሁሉ ሰው አንድ ቦታ ሲከርም እህልና ከብት ይፈልጋል፤ ፎገራ ሁለቱም አለው። (የፎገራ ላም እስከ ዛሬ በወተቷ የታወቀች ናት።) ቀለቡን የሚችለው እንግዲህ ገበሬው ነው። ሜዳው ላይ እንዳይሠሩ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ከኮረብታው ግን የሚመጣ ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ድንጋዩን በኖራ አያይዘው፣ ባለ ፎቅ አድርገው፣ በማዕዘን ክብ ማማ አቆሙለት።

እዚህ እኛ ጋ፣ ጋምቤላ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ድሮ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ባሮን ሽቅብ የሚወጣው ክረምት ውሃው ሲሞላ ነው። ዝናቡ እዚያ መንገድ ሲዘጋ እዚህ ይከፍት ነበር። ለዚህ አገር ልጅ ጉዛራን ስናስረዳ ከባሮ ብንጀምር ቶሎ ይገባዋል።