የስቶል ቁጥርና የደብረ ብርሃን አየር

በአውቶማቲክ መኪና ሞተርና ካምቢዮ መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ተቀምጧል። በውስጡ ሦስት ባለ ምላጭ መንኮራኩሮች አሉ። አንዱ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ሁለተኛው የተወረወረውን ተቀብሎ ካምቢዮውን ያዞራል፤ በመካከላቸው ያለው ስቴተር ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ ሞተሩን እንዲያግዝ ያደርገዋል። ጀርመናዊው ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 ይህን ሐሳብ ያስመዘገበው ለመርከብ ብሎ ነበር። ብዙ አሽከርካሪ «የፍሪሲዮን ምትክ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ግን ውለታውን መብላት ነው። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት እንዳለ ያስተላልፋል እንጂ ምንም አይጨምርበትም። ኮንቨርተር ግን መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የመጠምዘዝ ጉልበቱን ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። አንድ ትንሽ ቪትዝ ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገት ላይ ከቆመበት የሚነሣው በዚህ እርዳታ ነው።

መኪናው በፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሞተሩ የሚደርስበት ዙር ስቶል ይባላል። በተራ የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ1,800 እስከ 2,500 ዙር ነው። ለድራግ፣ ማለትም 400 ሜትር ያህል ቀጥ ባለ መንገድ ለሚደረግ ሩጫ የተሰናዳ መኪና ከ3,000 በላይ ስቶል ያለው ኮንቨርተር ይገጠምለታል፤ ሞተሩ ጉልበቱ ከሚበረታበት ዙር ላይ ሆኖ እንዲነሣ ነው። ሳምንቱን ከተማ ውስጥ ሲሠራ የሚውል፣ ሲያሻው ደግሞ የሚሮጥ መኪና ያለው ሰው በዚህ መካከል ይመርጣል። ሲመርጥ የሚሳሳተውም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የኮንቨርተሩ የግል ንብረት ስለሚመስለው ነው።

ቁጥሩ የኮንቨርተሩ ብቻ አይደለም። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ለሞተሩ መዞር የሚያሳየው እምቢታ ከዙሩ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ስቶል ማለት ይህ እምቢታና የሞተሩ ጉልበት የሚተካከሉበት ዙር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲደክም ስቶሉም ይወርዳል፤ የሚወርደውም በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ፋብሪካው 2,400 ብሎ የጻፈለት መኪና እዚያ ቢለካ ወደ 2,080 ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ይኸው መኪና ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት፣ 1,280 ሜትር ላይ ቢለካ 2,250 ገደማ ያሳያል። ኮንቨርተሩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው አየሩ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ጋራዥ ውስጥ በቂ ትኩረት አያገኝም። ስቶሉ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ሲያንስ «ኮንቨርተሩ ሞቷል» ተብሎ ካምቢዮ ይወርዳል። በእርግጥ ስቴተሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር የሚያደርገው መያዣ መያዝ ካቃተው ስቶል ይወርዳል፤ ያ መኪና ግን ከቆመበት ለመነሣት ይንፏቀቃል እንጂ ፍጥነት ካገኘ በኋላ ደኅና ይሄዳል። ከፍታ ያደከመው ሞተር በሁሉም ፍጥነት ደካማ ነው። ሁለቱን ለመለየት የአንድ አጭር ጉዞ ትዕግሥት ይበቃል። የባሰው ስሕተት ግን ተቃራኒው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተለካ ተርቦ የሌለው መኪና ልክ 2,400 ከሰጠ መካኒኩ «ከመጽሐፉ ጋር ገጠመ» ብሎ ሊደሰት አይገባም። ሞተሩ በሩብ ደክሞ ዙሩ ካልወረደ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች እየተንሸራተቱ ሊሆን ይችላል፤ ከፍታው ሕመሙን ሸፍኖታል።

ልኬቱም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪናው ስላልተንቀሳቀሰ የሞተሩ ሥራ ሁሉ ዘይቱን ማሞቅ ብቻ ነው። 2,000 ዙር ላይ 100 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር 21 ኪሎ ዋት ሙቀት ዘይቱ ውስጥ ያፈሳል፤ ስድስት ትላልቅ የኤሌክትሪክ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። ከአምስት ሰከንድ በላይ ረግጦ መያዝ ካምቢዮን ማቃጠል ነው፤ ይህን እያወቁ ደንበኛን ለማስደመም የሚያራዝሙ ሰዎች በሌላ ሰው ንብረት እየተጫወቱ ነው።

«እንግዲያውስ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ከፍ ያለ ስቶል ይግጠም» የሚል ሊነሣ ይችላል። ለሩጫ ብቻ ከሆነ እውነት አለው። ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር አጠገብ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተዘጋው የባንዲሜር ሜዳ ከፍታው 1,770 ሜትር ገደማ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ከእሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትበልጣለች። በዚያ ዓይነት ሜዳ የሚሮጥ ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚበቃው ይልቅ የላላ፣ ማለትም ስቶሉ ከፍ ያለ ኮንቨርተር ቢፈልግ ምክንያት አለው፤ ያው ኮንቨርተር ከፍታው ላይ ወጥቶ ስቶሉ ይወርድበታልና። መንገድ ላይ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሲወጣ ከባድ መኪና ተከትሎ በዝቅተኛ ፍጥነት ረጅም ጊዜ መሄድ ግድ ነው፤ የላላው ኮንቨርተር ያን ጊዜ ሁሉ ይንሸራተታል፤ ዘይቱም ይሞቃል። የሳሳው አየር ደግሞ ራዲያተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ነገሩ ይገለበጣል፤ የላላ ኮንቨርተር ካልተቆለፈ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ ካላያያዘ፣ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ይዳከማል፣ ሸክሙ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

«ተርቦ ያለው ሞተር ይህ አይነካውም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ተርቦው ከተነፋ በኋላ የጠፋውን አየር ይተካል። ከመነፋቱ በፊት ግን ሞተሩ እንደማንኛውም ሞተር ከፍታው ያደከመው ነው፤ ተርቦው የሚነቃበት ዙር ላይ የማያደርሰው ዝቅተኛ ስቶል ካለ መነሻው ላይ ይንቀራፈፋል። እንዲያውም ከፍታ ላይ የስቶል ምርጫ በጣም የሚያስጨንቀው ባለ ተርቦውን ነው።

ስለዚህ ለከተማ ሥራም ለሩጫም ለሚውል መኪና ቀዳሚው ነገር መኪናው የጉዞ ፍጥነት ላይ ሲደርስ የሚቆለፍ ኮንቨርተር መምረጥ ነው፤ ቀጥሎ የተለየ የዘይት ማቀዝቀዣ መጨመር። ሲያዝዙም የሞተሩ ጉልበት በየዙሩ ስንት እንደሆነ፣ መኪናው ከነጭነቱ የሚመዝነው፣ የጎማው መጠንና የኋላ ማርሹ ምጣኔ ለሻጩ ይነገረዋል። መኪናው የሚውልበት ከፍታም አብሮ ይጻፍ፤ ሻጩ ካልጠየቀ ገዢው ራሱ 2,840 ሜትር ብሎ ያስጽፍ።