ለኃይለኛ ሞተር የሚተከል የመጠባበቂያ ነዳጅ ታንክ፤ አሠራሩና ጥንቃቄው

የአንድ መኪና ሞተር ጉልበት ከፋብሪካ ከወጣበት መጠን በላይ እንዲጨምር ሲደረግ በቅድሚያ ትኩረት የሚሰጠው ለተርቦቻርጀሩና ለኢንጀክተሮቹ ነው። የነዳጅ ታንኩ ግን ብዙውን ጊዜ እንደነበረ ይተዋል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ታንኩ በጎደለበት ሁኔታ መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ኩርባ ሲዞር ወይም በድንገት ፍሬን ሲይዝ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ በነዳጅ ፋንታ አየር ይስባል፤ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚደርሰው ግፊትም ይወርዳል። በተራ መኪና ላይ ሞተሩ ለአፍታ ቢንገጫገጭ ነው። በሙሉ ኃይሉ በሚሠራ ባለተርቦ ሞተር ላይ ግን ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ የሲሊንደሩን ሙቀት ከመጠን በላይ ከፍ ያደርጋል። ድብልቁ ያለአግባብ ሲቀጣጠልም ፒስተኑ በሰከንዶች ውስጥ ሊሰነጠቅ ወይም ሊቀልጥ ይችላል። አሽከርካሪው ድምፁን ሰምቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ከማንሳቱ በፊት ጉዳቱ ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በእንግሊዝኛ ስሙ ሰርጅ ታንክ የሚባለው አነስተኛ የመጠባበቂያ ታንክ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፎልክስዋገን በሁለተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ መኪናው ላይ በታንኩ ውስጥ አንድ ፓምፕ፣ ከመኪናው ስር ደግሞ ዋናውን ፓምፕ የያዘ ትንሽ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ከፋብሪካው ገጥሞ አቅርቧል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ቤንዚኑን ከዋናው ታንክ እየሳበ መጠባበቂያውን ዘወትር ሙሉ ያደርገዋል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ሁለተኛ ፓምፕ ከመጠባበቂያው ግርጌ ስቦ ወደ ሞተሩ ይልካል። ከግፊት መቆጣጠሪያው የሚመለሰው ትርፍ ነዳጅ ወደ መጠባበቂያው ይገባል። ከአናቱ የሚወጣው ቱቦ ደግሞ የተረፈውን ነዳጅና የገባውን አየር ወደ ዋናው ታንክ ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው ቱቦ ጠባብ ወይም የታጠፈ ከሆነ በመጠባበቂያው ውስጥ ያልተፈለገ ግፊት ስለሚፈጠር ከመሙያው ቱቦ እንዳያንስ ይመከራል።

የታንኩ መጠን በግምት የሚወሰን አይደለም። 400 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለተርቦ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት 135 ሊትር ገደማ፣ ማለትም በደቂቃ ከ2 ሊትር በላይ ይፈጃል። በዚህ ስሌት 1.5 ሊትር የሚይዝ መጠባበቂያ ከዋናው ታንክ ምንም ባይገባለት እንኳ 40 ሰከንድ ያህል ያቆያል፤ ለየትኛውም ኩርባ ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም የመሙያው ፓምፕ ሞተሩ ከሚፈጀው ያነሰ የሚያቀርብ ከሆነ መጠባበቂያው ቀስ በቀስ መጉደሉ አይቀርም። የዋናው ፓምፕ አቅምም በሥራ ላይ ባለው ግፊት ሊለካ ይገባል። መነሻ ግፊቱ 3 ባር የሆነ ሞተር ተርቦው 1 ባር ሲጨምርለት 4 ባር ስለሚፈልግና ግፊቱ ሲጨምር የፓምፑ መጠን ስለሚቀንስ፣ ያለ ጭነት የተለካ አኃዝ ያሳስታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የእሳት አደጋ ነው። ነዳጅ የያዘን ዕቃ ከተሳፋሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ማኖር ተገቢ አይደለም። መጠባበቂያው ከኋላ የዕቃ መጫኛ ክፍል ከተተከለ በብረት ግድግዳ መለየትና ትነቱ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ማግኘት አለበት። ቱቦዎቹ ለቤንዚን የተሠሩ እንጂ የውሃ ጎማ መሆን የለባቸውም፤ ከጭስ ማውጫው መራቅም ይኖርባቸዋል። ለእያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ ፊውዝና ሪሌይ ይደረግለታል። ሞተሩ ሲጠፋ ወይም ግጭት ሲደርስ ሁለቱም ፓምፖች በአንድነት መቆም አለባቸው።

መሥሪያ ቤቶች ለዕለት ሥራ የሚጠቀሙባቸው ተሽከርካሪዎች ይህ ሁሉ አያሻቸውም፤ ታንኩን ከሩብ በታች አለማውረድ ይበቃቸዋል። ተከላው የተደረገለት መኪና ለምርመራ ሲቀርብ ግን መርማሪው ሞተሩን ሳያስነሳ የመሙያውን ፓምፕ ብቻ በማሠራት ነዳጁ ወደ ዋናው ታንክ መመለሱን ያያል። ቀጥሎም ሁለተኛውን ፓምፕ አስነስቶ ግፊቱን በመለኪያ ያነባል፤ እያንዳንዱን መገጣጠሚያም ለፍሳሽ ይፈትሻል።