የጡት ራጅ፤ ጨረሩ ሳይበዛ ሥዕሉም ሳይደበዝዝ

በዑጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በሙላጎ ኮረብታ ላይ፣ በ1967 የተቋቋመ የነቀርሳ ሕክምና ተቋም ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጡት ነቀርሳ ታመው ወደዚያ ከሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። በሽታውን በጊዜ ለማግኘት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ የጡት ራጅ ሲሆን፣ «ነቀርሳን የሚፈልገው ጨረር ራሱ ነቀርሳ አያመጣምን?» ብለው የሚጠይቁ እመቤቶች በየአገሩ አሉ። ጥያቄው ከአላዋቂነት የመጣ አይደለምና መልስ ይገባዋል።

የጡት እጢ ለጨረር ስስ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በተለመደው ምርመራ ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ሥዕል ሲነሣ፣ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጨረር ሰው ሁሉ ከምድርና ከሰማይ በሰባት ሳምንት ያህል ከሚቀበለው ጋር ይቀራረባል። በአሜሪካ ደንብ መሣሪያው አማካይ ውፍረት ባለው የጡት አምሳያ ላይ ሲፈተን፣ ለአንድ ሥዕል ከ3 ሚሊግሬይ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

እንግዲያስ ለምን ከዚህም እጅግ አይቀነስም? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የጡት ነቀርሳ መጀመሪያ የሚታወቀው አንዳንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር በሚያንሱ የካልሲየም ነጠብጣቦች ነው። ጨረሩ ከመጠን በላይ ሲያንስ ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ነጠብጣቦቹም በዚያ ውስጥ ይሰወራሉ። እንዲህ ያለ ሥዕል ሴትዮዋን ጨረር አስቀብሎ ምንም አልነገራትም፤ ይባስ ብሎም እንደገና መነሣት ያስፈልጋታል። ስለዚህ እኛ እንደምናየው፣ የማይነበብ ሥዕል ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው።

ጨረርን ለሥዕሉ ሳይጎዱ መቀነሻው ብልሃት በከፊል በመሣሪያው፣ በከፊል በባለሙያው እጅ ነው። ከራጁ ቱቦ ፊት የሚደረገው ስስ የብረት ማጣሪያ፣ ከጡት ውስጥ ቀርቶ ሥዕሉ ዘንድ የማይደርሰውን ደካማ ጨረር አስቀድሞ ይይዛል። ሴቶች አጥብቀው የሚጠሉት መጫንም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ጡቱ በሁለት ገበታ መካከል ሲሳሳ ጥቂት ጨረር ይበቃዋል፣ የተደራረበው ይዘረጋል፣ ሥዕሉም በመንቀሳቀስ አይደበዝዝም። ሕመሙ የጥቂት ሰኮንዶች ነው። በፊልም ዘመን ጨረር ሲበዛ ፊልሙ ይጠቁርና ስሕተቱን ያጋልጥ ነበር፤ የዛሬው የኮምፒውተር ሥዕል ግን ትርፉን ጨረር አቃንቶ ስለሚያሳይ፣ ልኩ በየጊዜው ካልተመዘገበ ሳይታወቅ እየጨመረ ይሄዳል። በዑጋንዳ የጨረር ሥራን የሚቆጣጠረው በ2008 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የተቋቋመው የአቶሚክ ኀይል ምክር ቤት ነው።

በካምፓላ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በዚያ በጡት ነቀርሳ የሚያዙት ሴቶች ከአውሮፓውያኑ ይልቅ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ የወጣት ሴት ጡትም እጢ የበዛበትና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነቀርሳውም ነጭ ስለ ሆነ አይለይም። ለነዚህ ሴቶች ምንም ጨረር የሌለው፣ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድ ይቀድማል። አልበርት ኩክ በ1897 በመሠረተው በመንጎ ሆስፒታል፣ በኤርነስት ኩክ ስም የተሰየመ ተቋም ለዚህ ሙያ ሰዎችን ያሠለጥናል። አልትራሳውንድ ግን ደቃቁን ነጠብጣብ ደኅና አድርጎ ስለማያሳይ፣ በዕድሜ ገፋ ላሉት ሴቶች ራጅን አይተካም።

ለምርመራ የሚሄዱ እመቤቶች የቀድሞ ሥዕላቸውን ይዘው ቢሄዱ ሐኪሙ ያመሳክረዋል። የወር አበባ ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት፣ ጡቱ እምብዛም ስለማያም፣ ለመጫኑ ይሻላል። በዚያ ቀን ግን ከብብት ሥር ዱቄትም ሆነ የላብ መከላከያ ቅባት አይቀቡ፤ ቅንጣቱ በሥዕሉ ላይ ካልሲየም መስሎ ይታይና ሥዕሉ ዳግመኛ እንዲነሣ ያደርጋል።