አዲስ ባትሪ ከመግዛት አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ነገር

የእርሻ ሥራ ቀጠሮ የማይሰጥ ሥራ መሆኑ በገበሬውም በሹሙም ዘንድ የታወቀ ነው። ዝናቡ መሬቱን ባራሰው ማግስት አሮጌው ትራክተር አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፥ ሰው ተሰብስቦ ይገፋዋል፤ ወይም ሹፌሩ ማታ ከቁልቁለት ላይ አቁሞት ያድርና ጠዋት እያንደረደረ ያስነሣዋል። ከዚህም በኋላ «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ይፈረድና ገንዘብ ወጥቶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። ለዚህም ምክንያቱ፥ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ባትሪውን በሚሞላው መሣሪያ እንጂ በባትሪው ስላልሆነ ነው።

በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ዓመት የተሠራው ፈርጉሰን ቲ.ኢ. 20 እና እርሱን የተከተለው ማሲ ፈርጉሰን 35 ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ዲናሞው በሞተሩ ቺንጊያ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩም በሬጉሌተር በኩል አልፎ ወደ ባትሪው ይገባል። ሬጉሌተሩ ኀይሉ ከልክ እንዳያልፍ ይጠብቃል፤ ሞተሩም ሲቆም ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወደ ዲናሞው እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋል። ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። ሞተሪኖው ጠዋት በጥቂት ሴኮንድ ብዙ መቶ አምፔር ይወስዳል፤ ዲናሞውም የተወሰደውን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሳል። የማይመለስበት ጎተራ አዲስም ቢሆን ባዶ መሆኑ አይቀርም።

የናፍታ ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ለመሥራት ባትሪ አያስፈልገውም። ስለዚህ ዲናሞው ሥራውን ቢያቆምም ትራክተሩ እስከ ማታ ያርሳል፤ ሕመሙም የሚታወቀው በማግስቱ ጠዋት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፥ ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት ባለበት ትራክተር ላይ አምፖሉ ተቃጥሎ ሲቀር ጉድለቱ ምስክር አጥቶ ይኖራል። መብራቱ ቁልፉ ሲከፈት ሊበራ፥ ሞተሩ ሲፈጥንም ሊጠፋ ይገባል።

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ ይሁን። በመጀመሪያ ቺንጊያው ይታያል። መካከሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢረግብ መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ የረገበ ወይም የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ዲናሞውን በሚገባ አያዞረውም። ሁለተኛ፥ በባትሪው ራሶች ላይ የተጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሙቅ ውሃና በሶዳ ይታጠባል፤ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረው ሽቦም ተፈትቶ ይጠረግና ይጠብቃል። ሦስተኛ፥ የባትሪው ኀይል በቮልት መለኪያ ሁለት ጊዜ ይለካል። ሞተሩ ሳይነሣ ያደረና የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር ደግሞ ወደ 14 ቮልት ይጠጋል። ቁጥሩ በዚህ ልክ ከወጣ ዲናሞው ይሠራል፤ ባትሪውም ሊጠረጠር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ያላለ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የሬጉሌተሩ መሆኑ ይለያል። ሁለቱ ሽቦዎች ከዲናሞው ተነቅለው ትልቁና ትንሹ ራስ በአጭር ሽቦ ይያያዛሉ፤ ሞተሩም ቀስ በቀስ እየፈጠነ በእነርሱና በትራክተሩ አካል መካከል ያለው ቮልት ይለካል። ቁጥሩ ቶሎ ቢወጣ ዲናሞው ጤነኛ ነውና ሬጉሌተሩና ሽቦው ይመርመር፤ ከ20 ቮልት በላይ ግን እንዲወጣ አይፈቀድም። ምንም ባይወጣ ካርቦኖቹ አልቀው ወይም ቆሽሸው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሥራ ፈቶ የቆመ ዲናሞም የማግኔት ኀይሉን ሊያጣ ይችላል። ሽቦዎቹ እንደ ተነቀሉ፥ ከትራክተሩ አካል ጋር ካልታሰረው የባትሪ ራስ በመጣ ሽቦ ትንሹን ራስ ለቅጽበት መንካት ኀይሉን ይመልስለታል።

ይሁን እንጂ በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ዲናሞው በአልተርኔተር ተለውጧል። በአልተርኔተር ላይ ይህን ማድረግ፥ ወይም ሞተሩ እየዞረ ባትሪውን መንቀል መሣሪያውን ያበላሻል። በቲ.ኢ. 20 ላይ ደግሞ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ስለ ሆነ፥ ሳያዩ ማሰር ጉዳት ያመጣል። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ በእሳት የሚፈነዳ በመሆኑ በአጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ።

ሹሙ ራሱ መፍቻ ይያዝ የሚል የለም። ነገር ግን አዲስ ባትሪ ይገዛ የሚል ማመልከቻ በቀረበለት ጊዜ፥ ሞተሩ ሳይነሣና ሞተሩ እየዞረ የተለኩት ሁለቱ ቁጥሮች ከነቀናቸው ተጽፈው እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ያልተጻፉ እንደ ሆነ ሳይፈርም ይመልሰው። ለመለኪያው የሚወጣው ገንዘብ ለባትሪው ከሚወጣው እጅግ ያንሳል። ያለፈ የእርሻ ወራት ግን በምንም ገንዘብ አይመለስም።