ተረትና እውነታ፦ የጫካ ቡና የዘር ሐረግ

ቡና ተቆልቶ ጭሱ ቤቱን ሲሞላ በተረት ቡናን አገኙ የሚባሉት እረኛው ካልዲና ፍየሎቹ መነሳታቸው አይቀርም። የቡናን የዘር ታሪክ ግን ዛፉ ራሱ በዘረመሉ ይዞታል። አራት የተለመዱ አባባሎችን ከዛፉ ጋር እናስተያያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ተረት፦ ቡና ከዓረብ አገር የመጣ ነው፤ ስሙስ «አረቢካ» አይደል?

እውነታ፦ ስሙን በ1753 ያወጣለት ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው። አውሮፓ ያኔ ቡናን የምታውቀው በየመን በኩል ነበር። አረቢካ ሳይተከል የሚበቅለው ግን በዋናነት በከፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በባሌው ሐረና ጫካዎች ነው። ዛፉ ዲቃላ ነው፤ ከሮቡስታ ወገን 22፣ ዩጂኒዮይደስ ከሚባል ሌላ የቡና ዝርያ 22 ክሮሞዞም ወርሶ 44 አለው። በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት መዳቀሉን ከ350,000 እስከ 610,000 ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል። ያኔ ቡና የሚያፈላ ሰው አልነበረም።

ተረት፦ በየካፌው ስንት ዓይነት ቡና አለ! ዘሩም የበዛ ነው።

እውነታ፦ ጣዕሙን በአብዛኛው የሚለየው አፈሩ፣ ከፍታው፣ አጠባውና አቆላሉ ነው። ወደ የመን የተሻገረው ጥቂት ዘር ነበር፤ ከየመን የወጣው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በ1706 ከጃቫ አምስተርዳም ከገባ ተክል ዘር አንዱ ችግኝ በ1714 ለፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ተሰጠ። ከላቲን አሜሪካ ቡና ብዙው ከዚህ ሐረግ ይመዘዛል። አረቢካ ራሱን በራሱ ስለሚያራባ አንድ ዛፍ ብቻውን እርሻ ይሞላል። ዘመዳሞቹን የሚያጠቃ በሽታ ሲመጣ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ያገኛቸዋል።

ተረት፦ የጫካ ቡና ፍሬው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙም እንደዚያው።

እውነታ፦ ፍሬው ጥቂት መሆኑ ልክ ነው፤ ዛፉ በጥላ ሥር ቀጥኖ ሽቅብ ይመዘዛል። ነገር ግን በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ እሸቱን እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ጫካ ውስጥ ነው። በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች መርጠው አራቡ። ዛሬ ገበሬው በቁጥሩ የሚጠራው 74110 ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ የተመረጠ ነው። መነሻው ላይ ያለው 74 የተመረጠበትን 1974 ያመለክታል።

ተረት፦ ጫካው ቢመነጠርም ዘሩን ቀድሞ ማስቀመጥ ይበቃል።

እውነታ፦ የጤፍ ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመት ይቆያል። የቡና ዘር ግን እንዲህ ሲያዝ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ጅማ አጠገብ በጮጬ እንደሚደረገው፣ ዛፉ ራሱ በቁሙ ተተክሎ ይጠበቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ያልተተከለው የጫካ ቡና ያለው ጫካ ውስጥ ብቻ ነው። ቀጣዩን በሽታ የሚቋቋመው ዛፍ ምናልባት ከእነዚያ አንዱ ይሆናል፤ ጫካው ከተመነጠረ ግን ማንም ሳያውቀው ማገዶ ሆኖ ይቀራል።